የቤት ዋይፋይና የቤት ገመና፦ ፓኬጅ ከማሳደግዎ በፊት

የዋይፋይዎ የይለፍ ቃል የስልክ ቁጥርዎ ከሆነ፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሳይጨርሱ ሊታወቅ ይችላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የሞባይል ቁጥር ወይ በ09 ወይ በ07 ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ስምንት አሃዞች ናቸው፤ ስምንት አሃዝ በ100 ሚሊዮን መንገድ ይደረደራል። ሁለቱን መነሻዎች ስንደምር 200 ሚሊዮን ይሆናል። ለጌም የሚገዛ ደህና የግራፊክስ ካርድ ያለው አንድ ኮምፒውተር በሰከንድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል የዋይፋይ የይለፍ ቃል መሞከር ይችላል። ሁሉንም ለማዳረስ 400 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ሰባት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

‹‹ራውተሩ ደጋግሞ የተሳሳተውን አያግደውም ወይ?›› የሚል ይኖራል። አያግደውም፤ ሙከራው የሚካሄደው ራውተሩ ላይ አይደለምና። ስልክዎ ከዋይፋዩ ጋር ሲያያዝ ከራውተሩ ጋር አራት አጫጭር መልእክቶች ይለዋወጣል። ሁለቱም ቃሉን እንደሚያውቁ፣ ቃሉን ራሱን ሳይጠሩ የሚተማመኑበት መንገድ ነው። መልእክቶቹ በአየር ላይ ስለሚሄዱ ከአጥር ውጭ የቆመ ሰውም ይቀዳቸዋል። ቀድቶ ይሄድና በራሱ ኮምፒውተር፣ በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳያየው ይገምታል። ይህ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው፣ ደብሊውፒኤ2 የተባለው የዋይፋይ መቆለፊያ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደብሊውፒኤ3 ይህን ቀዳዳ ደፍኖታል፤ ነገር ግን ቆየት ያሉ ስልኮች ስለማያውቁት ብዙ ቤት ሁለቱን ቀላቅሎ ይጠቀማል። ሲቀላቀል ደግሞ ቀዳዳው እንዳለ ነው።

በዚህ የጀመርነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚያዘግም ኢንተርኔትና የተጋለጠ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ምንጫቸው አንድ ነው፦ ቴክኒሻኑ የራውተሩን ሳጥን ተክሎ ከሄደ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ቃሉን ሰፈሩ ያውቀዋል፣ ሳጥኑ ቡፌ ውስጥ ተደብቋል፣ መግቢያው የፋብሪካው እንደሆነ ነው። ኔትወርኩ ሲዘገይ የሚመጣልን ሐሳብ ወርሃዊ ክፍያ ጨምሮ ፓኬጅ ማሳደግ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ምሽት ለሳጥኑ ይስጡት።

አምስት ቃል

የራውተር የይለፍ ቃል ቦታ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም፤ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ግን ይቻላል። እርስ በርስ የማይገናኙ አምስት ቃላት ይምረጡ፤ ጎመን፣ መሰላል፣ ሐሙስ፣ ኮርቻ፣ ድልድይ እንደማለት። (እነዚህን እዚህ ስለጻፍናቸው አይጠቀሙባቸው።) ቃላቱን ከራስዎ አያፍልቁ፤ ሰው ከራሱ ሲያፈልቅ የልጁ ስምና የተወለደበት ዓመት ነው የሚመጣለት። አንድ መጽሐፍ አንስተው ሳያዩ ይግለጡና ጣትዎ ያረፈበትን ቃል ይውሰዱ፤ አምስት ጊዜ። የዘፈን ስንኝ ወይም ተረትና ምሳሌ አይሁን፤ ገማቾች እነዚህን ሰብስበው ይዘዋል።

ለምን አምስት? 2,000 የተለመዱ ቃላት ካሉበት ዝርዝር በዕጣ የወጡ አራት ቃላትን ያው ኮምፒውተር ሁሉንም ሞክሮ ለመጨረስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። አምስተኛው ቃል ሲጨመር ከ2,000 ዓመት በላይ ይሆናል። ጠቅላላ ርዝመቱ ከ63 ፊደል እንዳያልፍ ብቻ ይጠንቀቁ። ከዚያ ወረቀት ላይ ጽፈው ቁም ሣጥን በር ውስጠኛው ገጽ ላይ ይለጥፉት። ከቤት ውጭ ያለ ሰው ወረቀቱን አያየውም፤ አጭር ቃልን ግን ከመንገድ ሆኖ ይሰብራል።

ቃሉን ሲቀይሩ የቤቱ መሣሪያ ሁሉ ይወጣል፤ እንደገና ማስገባት ያሰለቻል። ነገር ግን ለዓመታት በቀድሞው ቃል ሲገባ የኖረውም ሁሉ አብሮ ይወጣል።

ወደ ሳጥኑ መግባት

ራውተሩን፣ ብዙዎቻችን ሞደም የምንለውን፣ ገልብጠው ይዩት። በተለጠፈበት ወረቀት ላይ አድራሻ፣ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ይገኛል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ የሁዋዌ የፋይበር ሳጥን ከሆነ 192.168.100.1 ይሆናል። ስልክዎን ወይም ላፕቶፕዎን ከዚያው ዋይፋይ ጋር አያይዘው አድራሻውን ብሮውዘር ላይ ይጻፉት። በስልክ ከሆነ የሞባይል ዳታውን ይዝጉ፤ ክፍት ከሆነ ስልኩ አድራሻውን ውጭ ሄዶ ሊፈልግ ይችላል፣ ገጹም አይከፈትም።

ከገቡ በኋላ ምንም ከመንካትዎ በፊት ዋን (የውጭው መስመር) የሚለውን ገጽ ከፍተው ፎቶ ያንሱት። ፒፒፒኦኢ የሚል ካለ ከሥሩ ያለው የተጠቃሚ ስም ቤትዎ ከቴሌኮሙ ጋር የሚተዋወቅበት ነው። የይለፍ ቃሉ በነጥብ ተሸፍኖ ስለሚታይ ከሌለዎት ከድርጅቱ ጠይቀው ጽፈው ያስቀምጡት። ምክንያቱም ኔትወርክ ሲያስቸግር ከጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ተጭኖ ሪሴት ማድረግ የተለመደ ነው። ሪሴት ይህን ሁሉ ይሰርዘዋል፤ ዋይፋዩ ይመለሳል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይመለስም፣ ቴክኒሻን እስኪመጣ ቀናት ይጠበቃል። ለመደበኛ መንገጫገጭ ሳጥኑን ከሶኬት ነቅሎ 30 ሰከንድ ቆይቶ መመለስ ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መቀየር ነው፤ ይህ ከዋይፋዩ ቃል የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ኢንተርኔት ላይ እየዞረ ከ60 በላይ የታወቁ የፋብሪካ ስምና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ማረካቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 የተማረኩት መሣሪያዎች የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያመላክተውን ዳይን የተባለ ድርጅት በጥያቄ አጥለቅልቀው፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት አልከፈት ብለው ነበር። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ያዩት ነገር ቢኖር የኔትወርክ መዘግየት ብቻ ነው። ቤትዎ የደህንነት ካሜራ ካለ የእሱንም ቃል ይቀይሩ፤ ካሜራ ከራውተር የባሰ ገመና ይዟል።

ቀጥሎ ደብሊውፒኤስ የሚለውን ፈልገው ያጥፉት። ቃል ሳይጽፉ በስምንት አሃዝ ቁጥር ለማያያዝ የተሠራ ነው። ስምንት አሃዝ 100 ሚሊዮን ምርጫ ይመስላል። ነገር ግን የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ነው፣ ራውተሩም ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ መጀመሪያ አራቱን፣ ከዚያ ሦስቱን ለየብቻ ‹‹ልክ ነው፣ ልክ አይደለም›› ይላል። ስለዚህ ቢበዛ 10,000 እና 1,000፣ በድምሩ 11,000 ሙከራ ብቻ ይበቃል። ይህ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ነው። በጣም የጠነከረ አምስት ቃል አውጥተው ደብሊውፒኤስን ክፍት ከተዉት ዋናውን በር ቆልፎ የጓሮውን እንደመተው ነው።

ከውጭ ሆኖ ማስተዳደርን የሚፈቅደውን ያጥፉ፤ ዩፒኤንፒ የሚለውንም እንዲሁ። ይህኛው ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም መሣሪያ እርስዎን ሳይጠይቅ ወደ ውጭ በር እንዲከፍት ይፈቅዳል። ፈርምዌር (የሳጥኑ የውስጥ ሶፍትዌር) ማዘመኛ ካለ ያዘምኑ፤ በማዘመን መሐል መብራት ከጠፋ ሳጥኑ ሊሞት ስለሚችል ባትሪ ከሌለዎት መብራት የሚረጋበትን ሰዓት ይምረጡ። የዋይፋዩን ስም ስለመደበቅና መሣሪያዎችን በማክ አድራሻ (እያንዳንዱ መሣሪያ በሚያሳየው መለያ ቁጥር) ስለመምረጥ ብዙ ይወራል። ሁለቱም ለሚያውቅበት ሰው የደቂቃ ሥራ ናቸው፤ ጊዜዎን አያባክኑባቸው።

የተያያዙ መሣሪያዎችን ዝርዝር ሲያዩ የማያውቁት ስም ቢያገኙ አይደንግጡ። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለእያንዳንዱ ዋይፋይ የራሳቸውን የተፈጠረ አድራሻ ስለሚያሳዩ፣ የራስዎ ስልክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። አንድ በአንድ ዋይፋያቸውን እየዘጉ ከዝርዝሩ የሚጠፋውን ይለዩ።

ተከራይ፣ እንግዳና ሰርቪስ ቤት

በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይ፣ ሁለት ተከራይና ሰርቪስ ቤት በአንድ መስመር መጠቀማቸው የተለመደ ነው። መጋራቱ ነውር የለውም፤ ችግሩ ሁሉም በአንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ መሆናቸው ነው። በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው የሌላውን ፕሪንተር፣ ቴሌቪዥንና ካሜራ ያያል። ደግሞም የዋይፋይ ቃል ከአንድ ስልክ ወደ ሌላ በኪውአር ኮድ በቀላሉ ስለሚተላለፍ፣ ለአንድ ሰው የሰጡት ቃል ለስንት እንደደረሰ አያውቁም።

ቀላሉ መፍትሔ የእንግዳ ኔትወርክ ነው። ራውተሩ ካለው ጌስት በሚለው ሥር ሌላ ስምና ሌላ ቃል ያውጡለት፤ የእንግዶቹ መሣሪያዎች ከዋናው ኔትወርክ እንዳይገናኙ የሚያደርገው ምርጫ በርቶ መሆኑን ያረጋግጡ። 

ጓሮ ድረስ ኔትወርክ የማይደርስ ከሆነ ሁለተኛ ራውተር መግዛት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስህተቱም ያለው ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ነው።

ሁለቱ ራውተሮች እንደ አንድ ቤት እንዲሠሩ ከፈለጉ እንዲህ ያድርጉ። አዲሱን ከአሮጌው ጋር ሳያገናኙ ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር ያያይዙት። የመጀመሪያው ሳጥን 192.168.100.1 ከሆነ የአዲሱን የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻ 192.168.100.2 ያድርጉት። ከዚያ በአዲሱ ላይ ዲኤችሲፒ የሚለውን ያጥፉ። በመጀመሪያው ሳጥን ላይ ደግሞ ዲኤችሲፒ አድራሻ ማደል የሚጀምረው ከ192.168.100.10 እንዲሆን ያድርጉ፤ መጨረሻው ከ2 ከጀመረ አንድ ቀን የአዲሱን ራውተር አድራሻ ለአንዱ ስልክ ደርቦ ይሰጥና ሁለቱም ይጣላሉ። በመጨረሻ ኬብሉን ከላን ቀዳዳ ወደ ላን ቀዳዳ ይሰኩ፤ ቀለሙ የተለየውን የዋን ቀዳዳ ባዶ ይተዉት። የዋይፋይ ስሙና ቃሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ስልክዎ ከሳሎን ወደ ጓሮ ሲሄድ ራሱ ይቀያይራል። አዲሱ ራውተር ‹‹አክሰስ ፖይንት ሞድ›› የሚል ምርጫ ካለው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያደርግልዎታል። ዲኤችሲፒውን ማጥፋት የረሳ ሰው ‹‹ተያይዟል፣ ኢንተርኔት ግን የለም›› የሚል መልእክት አንዴ እየመጣ አንዴ እየጠፋ ያስቸግረዋል፤ ሁለት ሳጥኖች ለአንድ ስልክ አድራሻ ለማደል እየተሽቀዳደሙ ነው።

ኬብሉን በዋን ቀዳዳ ከሰኩት ግን ሁለተኛው ራውተር የራሱ ግንብ ያለው ሌላ ቤት ይሆናል። የውስጡን የላን አድራሻ ለምሳሌ 192.168.50.1 አድርገው መለየት ይኖርብዎታል። ‹‹ተከራዩን በሁለተኛው ራውተር ለይቼዋለሁ›› የሚል ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ ግንቡ የሚከላከለው በውስጥ ያለውን ነው። በሁለተኛው ውስጥ ያለ ሰው ወደ መጀመሪያው ኔትወርክ መውጣት ይችላል፤ በመጀመሪያው ያለው ግን ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ስለዚህ መለየት ከፈለጉ ተከራዩን ከመጀመሪያው ሳጥን ጋር ይተዉትና የራስዎን ቤት በሁለተኛው ውስጥ ያስገቡ። ያን ጊዜ የመጀመሪያው ሳጥን የአስተዳዳሪ ቃል መቀየሩ ግዴታ ነው።

ፕለጉ ላይ ተሰክተው ሲግናል ‹‹ያሳድጋሉ›› የሚባሉት ማራዘሚያዎች ርካሽና ቀላል ናቸው። ነገር ግን ብዙዎቹ በአንድ ሞገድ ተቀብለው በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቆርጡታል። ኬብል መዘርጋት የሚቻል ከሆነ ኬብል ይሻላል።

ኬብል ሲገዙ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበሉ፤ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ጫፉን በምላጭ ትንሽ ይፋቁት። ከላይ መዳብ መስሎ ውስጡ ብር የመሰለ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም በመዳብ ተለብጦ ነው፤ ይሰበራል፣ በረጅም ርቀትም ያስቸግራል። ጫፉ ሲቆነጠጥ ቅደም ተከተሉ በሁለቱም በኩል አንድ ይሁን፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙትን ሽቦዎች ከጫፉ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አይፍቱ፤ መጠማዘዙ ነው ከሌላ ሽቦ የሚመጣውን ረብሻ የሚያጠፋው። ከሰማያዊውና ከቡናማው ጥንድ አንድ ሽቦ ካልነካ መስመሩ ሊሠራ ይችላል፣ ግን ከ1,000 ሜጋቢት ወደ 100 ይወርዳል። በግቢ ውስጥ የሚያልፍ ኬብል ከመብራት ሽቦ ጋር አብሮ አይታሰር። በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉት፤ መብረቅ ሩቅ ወድቆ እንኳ በመዳብ ሽቦ ገብቶ የራውተሩን ቀዳዳዎች ያቃጥላል። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስገባም፤ እሱን ከቡና ስኒ አፍ በጠበበ ክብ አለመጠምዘዝ ብቻ ነው። ፋይበሩ ሲታጠፍ ወይም ሲቆረጥ ሎስ የምትለው መብራት ቀይ ትሆናለች።

‹‹10 ሜጋ›› ስንት ነው?

ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋቢት ነው፤ ፋይል የሚለካው በሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። 10 ሜጋ የገዛ ሰው በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል፤ አንድ ጊጋባይት ፊልም ምንም ሳይስተጓጎል 13 ደቂቃ ይፈጃል። ማንም አላጭበረበረዎትም፣ ሒሳቡ ይህ ነው።

ጥፋቱ የመስመሩ ይሁን የዋይፋዩ ለመለየት ላፕቶፕን በኬብል ከሳጥኑ ጋር አያይዘው ሌላውን ሁሉ አውጥተው ይለኩ። በኬብል የከፈሉትን ካገኙ፣ በዋይፋይ ካላገኙ፣ ፓኬጅ ማሳደግ ገንዘብ መጣል ነው።

የዋይፋይ ጥፋት አብዛኛው የቦታ ነው። ሳጥኑ ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ይገኛል። ዳንቴሉ ሞገዱን አያግድም፤ ሙቀቱን ግን ያፍናል፣ የጋለ ሳጥንም ይቆራረጣል። ሞገዱን የሚያግዱት ብረት፣ ቆርቆሮ፣ መስታወት ጀርባ ያለው የብር ቅብ፣ ውኃ የሞላ ሮቶና ብረት የገባበት ኮንክሪት ናቸው። ሳጥኑን ከወለል ከፍ አድርገው፣ ለቤቱ መሐል ቀረብ አድርገው፣ በግልጽ ያስቀምጡት። ከሳሎን ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሄደው ሞገድ በቆርቆሮ ግድግዳ የሚያልፍ ከሆነ በመስኮት በኩል እንዲያይ ቦታውን ያዙሩ።

2.4 ጊጋሄርትዝ ሩቅ ይደርሳል፣ ግድግዳም በተሻለ ያልፋል፣ ግን ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው፤ ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚያው ሞገድ አካባቢ ይሠራል። 5 ጊጋሄርትዝ ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው፣ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ለቴሌቪዥንና ለላፕቶፕ 5፣ ለጓሮ 2.4 ይጠቀሙ። በ2.4 ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ስፋቱን 20 ሜጋሄርትዝ አድርገው ጎረቤት ያልበዛበትን ከሦስቱ ይምረጡ። ብልጥ ለመሆን 3 ወይም 8 የመረጠ ሰው ሁለቱንም ወገን ይረብሻል፣ በሁለቱም ይረበሻል።

አንዱ ሲልክ ሁሉም የሚቆመው ለምንድን ነው?

ብዙ ቤተሰብ የሚያማርርበት ጉዳይ ይህ ነው፦ ልጁ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ሲጭን የእናቱ ጥሪ ይቆራረጣል፣ የአባቱ ድረ ገጽ አይከፈትም። መስመሩ ሞልቶ ነው ብሎ ፓኬጅ ማሳደግ ይቀናል። ጥፋቱ ግን በወረፋው ላይ ነው።

መላኪያው በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው እንበል። 200 ሜጋባይት ቪዲዮ 1,600 ሜጋቢት ስለሆነ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስልኩ ቪዲዮውን ለሞደሙ የሚያቀብለው ሞደሙ ወደ ውጭ ከሚያወጣው በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ነው፤ ሞደሙም ትርፉን በማስታወሻው ይደረድረዋል። የእናትየው ድምፅ ትንሽ ጥቅል ቢሆንም ከተደረደረው ሁሉ ኋላ ይሰለፋል። ድረ ገጽ ማውረድም ይቆማል፤ ለማውረድ ‹‹ደርሶኛል፣ ቀጥል›› የሚል ትንሽ መልእክት ወደ ውጭ መላክ አለበትና፣ እሱም ወረፋው ውስጥ ነው።

ራስዎ ያረጋግጡ። ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮት ከፍተው ወደ 1.1.1.1 ፒንግ ያድርጉ፤ ትንሽ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ያሳያል። ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ቁጥሩ ለምሳሌ 80 ሚሊሰከንድ ይሆናል። አሁን ትልቅ ቪዲዮ መላክ ይጀምሩ። ቁጥሩ ወደ 800 ወይም ከ1,000 በላይ ከዘለለ በሽታው ተገኘ። መድኃኒቱ ኪውኦኤስ ወይም ባንድዊድዝ ኮንትሮል በሚለው ገጽ የመላኪያውን ጣሪያ ከለኩት ከ85 እስከ 90 በመቶ ማድረግ ነው፤ 5 ከሆነ 4.3 ገደማ። ፍጥነት ቀንሶ ፍጥነት ማግኘት ግራ ያጋባል፤ ነገር ግን ወረፋው ማስተናገድ ከማይችለው የሳጥኑ የመላኪያ ክፍል ወጥቶ ተራ ማስከበር ወደሚችለው የራውተር ክፍል ይዛወራል። ገጹ ከሌለ ጉግል ፎቶስ የፎቶ ምትኬውን ቀን ላይ እንዳይልክ ያቁሙትና ማታ ያስኬዱት። በቴሌግራም ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ በሚለው ገብተው ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ማድረግም ብዙ ያቀላል።

መብራት ሲጠፋ

የፋይበር መስመር ከማዕከሉ እስከ ቤትዎ መሐል ላይ መብራት የሚፈልግ ነገር የለበትም፤ ስለዚህ ሳጥንዎ ባትሪ ካለው ሰፈሩ ጨልሞም ኢንተርኔቱ ሊሠራ ይችላል። ለራውተር የሚሸጡ ትንንሽ የባትሪ ሳጥኖች አሉ። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ ስንት ቮልትና ስንት አምፔር እንደተጻፈ ይመልከቱ፤ ብዙው 12 ቮልት ነው፣ 9 እና 5ም አለ። ቮልቱ እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩ ቢበልጥ አይጎዳም፣ ካነሰ ግን ሳጥኑ እየጠፋ ይበራል። ‹‹10,000 ሚሊአምፔር›› የሚለው የሚለካው በውስጡ ባለው ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ይህም 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል። 10 ዋት ለሚበላ ሳጥን፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ ይይዛል። ‹‹ስምንት ሰዓት›› የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይህን ሒሳብ ያስቡ።

ከቤት የሚወጣው

ቤቱ ከተቆለፈ በኋላ ከበሩ የሚወጣው ወሬ ይቀራል። አድራሻው በ https የሚጀምር ድረ ገጽ ሲከፍቱ አገልግሎት ሰጪው የሚጽፉትንና የሚያነቡትን አያይም። የየትኛውን ድረ ገጽ በር እንዳንኳኩ፣ መቼና ምን ያህል እንደቆዩ ግን ያያል። በአንድሮይድ 9 እና ከዚያ በኋላ ባሉ ስልኮች ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ምርጫ አለ፤ የድረ ገጽ ስም ጥያቄዎን በምስጢር ይልከዋል። ቦታው ቁጥር አይቀበልም፣ ስም ነው የሚፈልገው፤ ይህን አገልግሎት ከሚሰጡት አንዱ የሆነው የክላውድፍሌር ስም በእንግሊዝኛ ‹‹ዋን›› የሚለው ቃል አራት ጊዜ፣ በመሐሉ ነጥብ እየገባ ነው። ይህ ጥቂቱን ይሸፍናል እንጂ ሁሉን አይደለም። ቪፒኤን (ግንኙነትዎን በሌላ ድርጅት ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ደግሞ ዓይንን አያጠፋም፣ ከቴሌኮሙ ወደ ቪፒኤኑ ባለቤት ያዛውረዋል። ነጻ ቪፒኤን ወጪውን ከየት እንደሚሸፍን የማይናገር ከሆነ ባይጭኑት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሰው ገመና የሚወጣው በአካውንት ነው። ስልክ ሲገዙ ሞባይል ቤት ጂሜይል ወይም አፕል አይዲ ያስከፈቱ ከሆነ፣ ቃሉን የሚያውቀውና የማስመለሻ ስልኩ የተመዘገበው በሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ገብተው ቃሉን፣ የማስመለሻ ስልኩንና ኢሜይሉን ይቀይሩ፤ ከዚያ የተያያዙ መሣሪያዎችን ዝርዝር አይተው የማያውቁትን ያስወጡ።

ቴሌግራም ላይ ተራ ወሬና ግሩፕ የሚቀመጠው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው፤ ከላኪና ከተቀባይ ስልክ ውጭ የማይነበበው ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው። ዋትስአፕ ወሬውን ሁሉ እንዲህ ይቆልፋል፣ ሆኖም ወደ ጉግል ድራይቭ የሚሄደው ምትኬ ለብቻው ካልተቆለፈ በስተቀር ክፍት ነው። የመታወቂያ ፎቶና የባንክ ወረቀት የሚልኩ ከሆነ ይህን ልዩነት ይወቁት።

ቴሌግራም ወደ ስልክዎ በሚላክ ኮድ ስለሚከፈት ኮዱን ያገኘ አካውንቱን አገኘ። ‹‹በስህተት ኮድ ልኬብህ ነው፣ ንገረኝ›› የሚለው መልእክት ከወንድም ስልክ ቢመጣም የወንድም አይደለም፤ የእሱ ቀድሞ ተወስዷል። ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ቱ-ስቴፕ ቬሪፊኬሽን ብለው ገብተው ሌላ የይለፍ ቃል ያክሉበት፤ ኮዱ ቢወጣ እንኳ ያለዚህ ቃል አይገባም። የማስመለሻ ኢሜይል ማስገባት አይርሱ። እዚያው ገጽ ላይ የስልክ ቁጥርዎን ማን እንዲያይ እንደሚፈቅዱ በሚለው ላይ ‹‹ኖባዲ›› (ማንም አያይም) ይበሉ። የተወሰደ አካውንት የመጀመሪያ ሥራው ውጭ ላሉ ዘመዶች ‹‹ቸግሮኛል፣ ትንሽ ላኩልኝ›› ብሎ መጻፍ ስለሆነ፣ አሜሪካም ሆነ ዐረብ አገር ካሉት ጋር ገንዘብ ከመላክ በፊት በመደበኛ ስልክ ደውሎ ድምፅ መስማትን ከወዲሁ ይነጋገሩ።

አካውንቱ ከተወሰደ ጊዜ ወሳኝ ነው። በቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም፤ የእርስዎ የቆየው ስልክ ግን እሱን ማስወጣት ይችላል። ስለዚህ ‹‹አዲስ መግቢያ ታይቷል›› የሚል መልእክት እንዳዩ አፑን አያጥፉት፣ ከአካውንቱም አይውጡ። ዲቫይስስ የሚለውን ከፍተው ከአሁኑ በቀር ሁሉንም አስወጣ የሚለውን ይጫኑ፣ ወዲያው ቱ-ስቴፕ ቃሉን ያስገቡ፣ ከዚያ ለዘመዶችዎ ይደውሉ።